አሮጌ ባለሁለት ቺፕ ግራፊክስ ካርዶች ሲያስቸግሩ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

አንዳንድ የግራፊክስ ካርድ አምራቾች ከኤንቪዲያና ከኤኤምዲ የሚሰጣቸውን መደበኛ ንድፍ ትተው፣ ቀድሞ ገበያ ላይ የነበሩ ሁለት ቺፖችን በራሳቸው ሰሌዳ ላይ አጣምረው ለሽያጭ አቅርበዋል። አሱስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት የጂፎርስ ጂቲኤክስ 580 ቺፖችን ያዋሃደበት ማርስ 2 የተመረተው በ999 ፍሬ ብቻ ነው፤ በ2013 የወጣውና ሁለት የራዲዮን ኤችዲ 7970 ቺፖችን የያዘው አሬስ 2ም ቁጥሩ እንዲሁ 999 ነበር። በዚያው ዓመት የመጣው ማርስ 760፣ የኢቪጂኤ ጂቲኤክስ 460 ቱዊን፣ የፓወርከለር ዴቪል 13 ካርዶች፣ ወደኋላ ስንሄድ ደግሞ ሁለት የጂፎርስ 6600 ጂቲ ቺፖችን የያዘው የጊጋባይት ስሪዲዋን የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የአምራቾቹ ድጋፍ ካበቃ ቆይቷል፤ ስለዚህ ካርዱ ሲያስቸግር መርምሮ የሚያስነሳው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ለምርመራው ሁሉ መነሻ የሚሆነው አንድ ነገር አለ። ከስሪዲዋን በቀር እንዲህ ያለ ካርድ ከውጭ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ በአሠራሩ ሁለት ካርዶችና በመካከላቸው የተቀመጠ አንድ አገናኝ ቺፕ ነው። እያንዳንዱ ቺፕ የራሱ ማህደረ ትውስታ፣ የራሱ የኃይል ማስተካከያ ክፍልና የራሱ ባዮስ (መሣሪያው ሲበራ የሚያስነሳው፣ በውስጡ የተጻፈ መነሻ ፕሮግራም) አለው፤ አገናኙ ደግሞ ከማዘርቦርዱ የሚመጣውን የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር (ካርዱና ማዘርቦርዱ መረጃ የሚለዋወጡበትን) ተቀብሎ ለሁለቱ ያካፍላል። ስለዚህ «ካርዱ ሞቷል» ከማለት በፊት ችግሩ ያለው በአንደኛው ቺፕ፣ በሁለተኛው፣ በአገናኙ፣ በኃይል አቅርቦቱ ወይስ በድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን በሚያዝበት ፕሮግራም) መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከቀላሉና ምንም ከማያስከፍለው ፍተሻ ተነስቶ ካርዱን ወደመፍታት የሚያመራ ነው።

ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው

በመጀመሪያ የኃይል ኬብሎቹ ሁሉ መሰካታቸውን ያረጋግጡ። ማርስ 2ና አሬስ 2 እያንዳንዳቸው ሦስት ባለ 8 ፒን መሰኪያ አላቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢጎድል ወይም ላላ ብሎ ቢቀመጥ ካርዱ ምስል ላይሰጥ ይችላል። ሞኒተሩንም በየተራ በሁሉም የካርዱ መውጫዎች ላይ ሰክተው ይሞክሩ፤ በእነዚህ ካርዶች ላይ መውጫዎቹ ሁሉ ከአንድ ቺፕ ጋር የተያያዙ ላይሆኑ ስለሚችሉ፣ ገና ድራይቨር ባልተጫነበት ሰዓት ምስል የሚታየው በአንዳንዶቹ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ኬብሎቹ ደህና ከሆኑና ማዘርቦርዱ አዲስ ከሆነ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የባዮስ አለመግባባት ነው። ከ2012 በፊት የተሠሩ ካርዶች በጥቅሉ የተዘጋጁት ለአሮጌው የባዮስ ሥርዓት በመሆኑ፣ አሮጌውን ባዮስ በተካው በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚነሳ ማዘርቦርድ አያውቃቸውም። መፍትሄው ኮምፒውተሩን በሌላ ካርድ ወይም በማዘርቦርዱ በራሱ ግራፊክስ አስነስቶ፣ በባዮስ ማስተካከያው ውስጥ ሲኤስኤም የሚለውን (አሮጌውን የባዮስ አነሳስ የሚፈቅደውን ምርጫ) ማብራትና ሴኪዩር ቡትን (የተፈረመ ፕሮግራም ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገውን) ማጥፋት ነው። ሪሳይዘብል ባር የሚለው ምርጫ (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ማህደረ ትውስታ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስበት የሚያደርገው) በርቶ ከሆነ ብዙ ማዘርቦርዶች ሲኤስኤምን እንዲያበሩ ስለማይፈቅዱ፣ መጀመሪያ እሱን ያጥፉ። ዊንዶውስ የተጫነው በዩኢኤፍአይ መንገድ ከሆነ ደግሞ ሲኤስኤም በርቶም ዲስኩ በዚያው መንገድ እንዲነሳ መተው ይቻላል፤ ዊንዶውስን እንደገና መጫን የግድ አይደለም። ሲኤስኤም ጨርሶ የሌለው ማዘርቦርድ ካለዎት ግን ለዚህ ካርድ ሌላ ማዘርቦርድ መፈለግ ይሻላል።

ስሪዲዋን ከዚህ የተለየ ምክንያት አለው። ካርዱ አገናኝ ቺፕ ስለሌለው አሥራ ስድስቱን የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች ስምንት ስምንት አድርጎ እንዲከፍልለት ማዘርቦርዱን ይጠብቃል። ጊጋባይትም ካርዱን ያቀረበው ለዚሁ ተብሎ ከተዘጋጀ የራሱ ማዘርቦርድ ጋር ነበር። በሌላ ማዘርቦርድ ላይ አልሠራ ማለቱ እንግዲህ ብልሽት አይደለም፤ መጠገን የሚባል ነገርም የለውም።

ጨዋታ ሲጀመር ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል

ሰማያዊ ስክሪን ሳይመጣና ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ማብሪያው እንደተነቀለ ያህል ድርግም ብሎ የሚጠፋ ኮምፒውተር ችግሩ ያለው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በኃይል አቅርቦቱ ላይ ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስፈርት መሠረት አንድ ባለ 8 ፒን መሰኪያ 150 ዋት፣ የማዘርቦርዱ ሶኬት ደግሞ 75 ዋት ይሰጣል፤ በዚህ ሒሳብ ሦስት ባለ 8 ፒን ያለው ካርድ የተዘጋጀው እስከ 525 ዋት ድረስ ለመውሰድ ነው። የኤኤምዲ የራሱ ባለሁለት ቺፕ ካርድ የሆነው አር9 295ኤክስ2 በ2014 ሲወጣ 500 ዋት የሚፈጀውን ካርድ በሁለት ባለ 8 ፒን ብቻ ይመግብ ስለነበር፣ ኩባንያው እያንዳንዱ መሰኪያ 28 አምፒር መስጠት በሚችል የተለየ መስመር ላይ እንዲሰካ አሳስቦ ነበር። ይህ ማሳሰቢያ ለሌሎቹም ካርዶች የሚሠራ ይመስለኛል።

በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ዋት ስለዚህ ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም። የጎን ልጣፉን ያንብቡና በ12 ቮልት ረድፍ ስር የተጻፈውን አምፒር ይመልከቱ። 12 ቮልቱ በብዙ መስመሮች ተከፋፍሎ ከሆነና የካርዱ መሰኪያዎች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ከተሰኩ፣ ሁለቱ ቺፖች በአንድ ቅጽበት ኃይል በሚስቡበት ጊዜ የዚያ መስመር መከላከያ ይቆርጣል፤ ፓወር ሰፕላዩ 1000 ዋት ቢሆንም እንኳ ይህ ሊደርስ ይችላል። መፍትሄውም አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛት በፊት መሰኪያዎቹን በተለያዩ መስመሮች ላይ ማደላደል ነው። ከአንድ ኬብል ሁለት መሰኪያ የሚያወጣ ማከፋፈያ ወይም ለዲስክ የተሠራ መሰኪያን ወደ 8 ፒን የሚቀይር ቁራጭ በእነዚህ ካርዶች ላይ ፈጽሞ ሊሰካ አይገባም።

ኬብሉን ነቅለው መሰኪያውን በደማቅ ብርሃን ይመርምሩት። ከስምንቱ ቀዳዳዎች የአንዱ ዙሪያ ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ወይም ጠርዙ ከለሰለሰ፣ በዚያ ፒን ላይ ግንኙነቱ ላልቶ ሲሞቅ ቆይቷል ማለት ነው። በውስጡ ያለው የብረት ቱቦ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ወደኋላ ገባ ብሎ ቢያገኙትም ትርጉሙ ያው ነው። እንዲህ ያለውን ኬብል ማጽዳት ወይም መጫን አይጠቅምም፤ ይቀየራል። በሚቀየርበት ጊዜም ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተወሰደ ኬብል አይጠቀሙ፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒኖቹ አቀማመጥ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ካርዱን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሁለተኛው ቺፕ አይታይም፣ ወይም ዜሮ ያሳያል

ከሁሉም በላይ ሰዎችን የሚያሳስተው ይህ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜም ካርዱ ምንም አልሆነም። በመጀመሪያ «አይታይም» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንለይ። በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ሁለት የግራፊክስ ካርድ ስሞች ካሉ፣ ነገር ግን ጂፒዩ-ዚ ወይም ሌላ መቆጣጠሪያ የሁለተኛውን ፍጥነትና ሙቀት ዜሮ አድርጎ ካሳየ፣ በራዲዮን ካርዶች ላይ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ዩኤልፒኤስ የሚባለው ኃይል ቆጣቢ አሠራር ነው። ሥራ በማይኖርበት ጊዜ ድራይቨሩ ሁለተኛውን ቺፕ ያስተኛዋል፤ የተኛ ቺፕ ደግሞ ለመለኪያ መሣሪያ መልስ አይሰጥም። ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ጨዋታ ከፍተው ንባቡ ከተነሳ ቺፑ ጤነኛ ነው። መተኛቱ ችግር ከፈጠረ በሬጂስትሪው (በዊንዶውስ የቅንብሮች ማከማቻ) ውስጥ ኢነብል ዩኤልፒኤስ በሚል ስም የሚገኘውን ዋጋ ከ1 ወደ 0 ለውጠው ኮምፒውተሩን ያስነሱ። ድራይቨር በተቀየረ ቁጥር ዋጋው ወደ 1 ሊመለስ ስለሚችል እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስም ኖሮ ቢጫ ምልክት ካለበት፣ ስሙ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው የስህተቱን ቁጥር ያንብቡ። ኮድ 12 የአድራሻ ቦታ አልበቃም ማለት ነው፤ ሁለቱም ቺፖች የየራሳቸውን የማህደረ ትውስታ አድራሻ ስለሚጠይቁ፣ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ወይም ብዙ መሣሪያ የተሰካበት አሮጌ ማዘርቦርድ ቦታ ያጥረዋል። ወደ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ መሸጋገር፣ በባዮሱ ውስጥ ካለም አባቭ 4ጂ ዲኮዲንግን (ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን አድራሻ ለመሣሪያዎች የሚከፍተውን ምርጫ) ማብራት፣ የማይፈለጉ የማዘርቦርድ መሣሪያዎችንም ማጥፋት ይፈታዋል። ኮድ 43 ግን ሁለት ፊት አለው፤ የተበላሸ ድራይቨርም የተበላሸ ቺፕም ይህንኑ ቁጥር ያመጣሉ። ስለዚህ ዲዲዩ የተባለውን ማጽጃ በሴፍ ሞድ አስነስተው የነበረውን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ ካጠፉና ለካርዱ የሚስማማውን ከጫኑ በኋላ ቁጥሩ ተመልሶ ከመጣ ብቻ ነው ቺፑን መጠርጠር የሚገባው።

የሚስማማው ድራይቨር የትኛው ነው ለሚለው፣ ሁለት ጂቲኤክስ 285 የያዘው የመጀመሪያው ማርስ በ342.01 ያበቃል፤ የጂቲኤክስ 460ና የጂቲኤክስ 580 ቺፖች በ391.35፣ ጂቲኤክስ 760 ደግሞ በ470ዎቹ ተከታታይ ይቆማሉ። በኤኤምዲ በኩል የኤችዲ 5000ና የኤችዲ 6000 ቺፖች የተረጋገጠው የመጨረሻ ድራይቨር 15.7.1 ሲሆን ከዚያ በኋላ ቤታው 16.2.1 ወጥቷል፤ ኤችዲ 7970ን የሚያውቀው የመጨረሻው ድራይቨር አድሬናሊን 22.6.1 ነው። ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ ሌላ ድራይቨር አውርዶ እንዳይጭንበት፣ ከማጽዳት እስከ መጫን ድረስ የኢንተርኔት ኬብሉን ነቅሎ መቆየት ይገባል።

ዲቫይስ ማኔጀር ሁለተኛውን ቺፕ ከነጭራሹ ካልጠቀሰ ወደ አገናኙ እንሄዳለን። ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝር ፕሮግራም ከፍተው የፒሲአይ አውቶቡሶችን ዝርዝር ሲዘረጉ፣ በጤነኛ ካርድ ላይ አገናኙ ከላይ አንድ መግቢያ፣ ከሥሩም ሁለት መውጫ ሆኖ ይታያል፤ በእያንዳንዱ መውጫ ሥርም አንድ ቺፕ ይኖራል። ከሁለቱ መውጫዎች አንዱ ባዶ ከሆነ አገናኙ ሕያው ነው፤ የጠፋው ቺፑ ወይም የቺፑ ኃይል ነው። አገናኙ ራሱ ካልታየ ግን ካርዱን ነቅለው የወርቅማ ጥርሶቹን በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠርገው፣ በሌላ ሶኬት ከተቻለም በሌላ ማዘርቦርድ ላይ ይሞክሩት። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ንባብ አለ። ጂፒዩ-ዚ የሚያሳየው የመስመር ስፋት በቺፑና በአገናኙ መካከል ያለውን ነው፤ አሥራ ስድስት መስመር ብሎ ቢጽፍም ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተገናኘው በስምንት ወይም በአራት መስመር ሊሆን ይችላል። እውነተኛውን ስፋት የሚያገኙት በዚያው ዝርዝር ውስጥ የአገናኙን መግቢያ በማንበብ ነው።

በ1999 ለወጣው የኤቲአይ ሬጅ ፊዩሪ ማክስ ይህ ሁሉ ፍተሻ አያስፈልግም። ያ ካርድ ያለ አገናኝ ሁለት ቺፖችን ከፒሲአይ ኤክስፕረስ በፊት በነበረው የኤጂፒ ሶኬት ላይ ያስቀመጠ ስለነበር፣ ዊንዶውስ 2000ና ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለተኛውን ቺፕ ሊጠቀሙበት አልቻሉም። ሁለቱንም ማሠራት የሚፈልግ ሰው ዊንዶውስ 98ን ወይም ኤምኢን ይጫን።

ሁለቱም ቺፖች ይታያሉ፣ ፍጥነቱ ግን የአንድ ቺፕ ነው

ይህ ከካርዱ ይልቅ የጨዋታው ጉዳይ ነው። ኤስኤልአይና ክሮስፋየር (ሁለት ቺፖችን አብረው የሚያሠሩት የኤንቪዲያና የኤኤምዲ አሠራሮች) በአብዛኛው ፍሬሞቹን (የጨዋታውን ተከታታይ ምስሎች) ለሁለቱ ቺፖች በየተራ እያደሉ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ይህን ለማድረግ ድራይቨሩ ለእያንዳንዱ ጨዋታ የተዘጋጀ ፕሮፋይል ያስፈልገዋል። ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 20 ተከታታይና ከዚያ በፊት ለነበሩት ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል ማውጣቱን ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ አቁሟል። ጨዋታዎች ካርዱን በሚያዙበት በዳይሬክትኤክስ 12 ደግሞ ሥራውን ማካፈል የጨዋታው ሠሪ ኃላፊነት ስለሆነ፣ ሠሪው ካላሰበበት ሁለተኛው ቺፕ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ጨዋታው በዳይሬክትኤክስ 11 የመሥራት ምርጫ ካለው እሱን ይምረጡ፤ በመስኮት ሳይሆን በሙሉ ስክሪን ይክፈቱት፤ ክሮስፋየር በተለይ ያለ ሙሉ ስክሪን አይነሳም።

ማህደረ ትውስታውም እንደማይደመር ማወቅ ይገባል። በማርስ 760 ሳጥን ላይ የተጻፈው 4 ጊጋባይት ለእያንዳንዱ ቺፕ 2 ጊጋባይት ማለት ነው፤ ሁለቱም ተመሳሳይ ቅጂ ስለሚይዙ ጨዋታው የሚያገኘው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። የማርስ 2 ደግሞ 1.5 ጊጋባይት ነው። የምስል ጥራቱን ዝቅ ሲያደርጉ ፍጥነቱ በአንድ ጊዜ ከዘለለ ችግሩ የማህደረ ትውስታ መጣበብ ነበር።

ቆጣሪው በሰከንድ 60 ፍሬም ይላል፣ ዓይን ግን ይቆራረጥበታል

ሁለቱ ቺፖች ፍሬሞቻቸውን በእኩል ርቀት ሳያወጡ ሲቀሩ፣ አንዱ ፍሬም ቶሎ፣ ቀጣዩ ዘግይቶ ይመጣል፤ የሰከንዱ ድምር ግን ያው ስለሆነ ቆጣሪው አይነግርዎትም። በራዲዮን ካርዶች ላይ ይህ ጉዳይ በ2013 በሰፊው ከተጋለጠ በኋላ፣ ኤኤምዲ በዚያው ዓመት ነሐሴ በካታሊስት 13.8 ቤታ ድራይቨር የፍሬም ማስተካከያን አስገብቷል። ስለዚህ በኤችዲ 7000 ካርድ ላይ ከዚያ የቀደመ ድራይቨር ካለ ይቀየር፤ ማስተካከያው በርቶ መሆኑም በመቆጣጠሪያ ገጹ ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ የሚረዳው ፍጥነቱን ካርዱ ሁልጊዜ በሚደርስበት ልክ መገደብ ነው። ይህም ካልበቃ ሁለተኛውን ቺፕ አጥፍቶ በአንዱ መጫወት ነውር የለውም፤ እኔ ራሴ ከተቆራረጠ 70 ፍሬም ይልቅ የተስተካከለ 45 እመርጣለሁ።

ነጠብጣብ፣ መስመርና የተዛባ ቀለም

እነዚህ ምልክቶች የማህደረ ትውስታ ወይም የቺፑ የራሱ ብልሽት ናቸው፤ የቱ እንደተጎዳ ግን በጥንቃቄ በመመልከት ብቻ ማወቅ ይቻላል። መዛባቱ ገና ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ በባዮስ ጽሑፍ ላይ ከታየ የተጎዳው ስክሪኑን የሚመግበው ዋናው ቺፕ ወይም ማህደረ ትውስታው ነው። ዴስክቶፑ ንጹህ ሆኖ ጨዋታ ውስጥ ብቻ ነጠብጣቡ በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ፣ የሚበላሸው እያንዳንዱ ሁለተኛ ፍሬም ሊሆን ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ ጨዋታውን በስልክ ካሜራ በዘገየ ቀረጻ ይቅረጹና ፍሬም በፍሬም ይመልከቱ፦ አንድ ንጹህ፣ አንድ የተበላሸ፣ አንድ ንጹህ እያለ ከቀጠለ ጥፋተኛው አንድ ቺፕ ነው። ኤስኤልአይን ወይም ክሮስፋየርን አጥፍተው ምስሉ ሙሉ በሙሉ ንጹህ ከሆነ፣ ሁለተኛው መሆኑ ተረጋገጠ።

መፍትሄው በመጀመሪያ የዚያን ቺፕ የማህደረ ትውስታ ፍጥነት በመጠኑ ዝቅ አድርጎ መሞከር ነው። ካርዱን በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ማሞቅ በብዙ ቦታ ይመከራል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሙቀቱ ለጥቂት ሳምንታት ካርዱን ሊያስነሳው ይችላል፤ ነገር ግን ካፓሲተሮችንና የፕላስቲክ መሰኪያዎችን ይጎዳል፣ ጤነኛ የነበረውንም ሁለተኛውን ቺፕ አብሮ ለአደጋ ያጋልጣል፣ በኋላ በሙያተኛ እጅ ሊጠገን የሚችለውንም ያበላሻል። በ999 ፍሬ የተሠራ ካርድ ላይ ይህ መደረግ የለበትም።

አንደኛው ቺፕ ከሌላው በጣም ይሞቃል

ጥቂት ዲግሪ መበላለጣቸው የተለመደ ነው፤ የአንዱን ትኩስ አየር ሌላው ስለሚቀበል። ልዩነቱ ከ15 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ማቀዝቀዣውን ማንሳት ያስፈልጋል። ከዓመታት በኋላ ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ሲፈረፈር ያገኙታል፤ በአልኮል ጠርገው አዲስ ይቀቡ። ቴርማል ፓዶቹን (ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፎቹን) በሚቀይሩበት ጊዜ የአሮጌዎቹን ውፍረት በካሊፐር ይለኩ፤ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የወፈረ ፓድ ማቀዝቀዣውን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው ከሁለቱ አንዱ ቺፕ ሳይነካው ይቀራል። በመካከል ያለውን አገናኝ ቺፕ አይርሱት፤ የራሱ ፓድ አለው፣ ሳይመለስ ከቀረም ካርዱ ከሞቀ በኋላ ሁለቱም ቺፖች በአንድ ጊዜ ይሰወራሉ።

በአሬስ 2 ላይ ሁለቱን ቺፖች የሚያቀዘቅዘው 120 ሚሊሜትር ራዲያተር ያለው ዝግ የውሃ ሥርዓት ነው። ሥራ ሲሰጠው ሙቀቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ግን እንደቀዘቀዘ ከቆየ፣ ፓምፑ አይሽከረከርም ወይም ውሃው ጎድሏል፤ ፔስት መቀየሩ ለዚህ አይፈይድም።

ባዮስ ከተቀየረ በኋላ የመጣ ችግር

ካርዱ ባዮሱ ተቀይሮ ከነበረ ወይም ሊቀይሩት ካሰቡ፣ የሁለቱ ቺፖች ባዮስ አንድ እንዳልሆነ አስቀድመው ይወቁ። አንዱ ለዋናው፣ ሌላው ለሁለተኛው የተዘጋጀ ስለሆነ፣ አንዱን ፋይል በሁለቱም ላይ የጫነ ሰው አንድ ቺፕ ያጣል። ባዮስ የሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች ኤንቪፍላሽና ኤቲአይፍላሽ ቺፖቹን በቁጥር ይዘረዝራሉ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ሌላ ግራፊክስ ካለ ቁጥሩ ስለሚቀየር፣ ከመጻፍዎ በፊት ዝርዝሩን አውጥተው ያንብቡ። ካርዱ ጤነኛ በሆነበት ቀን ሁለቱንም ፋይሎች ለይተው፣ የትኛው የየትኛው ቺፕ እንደሆነ በስማቸው ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። የተሳሳተው ባዮስ ተጽፎ ካለፈ ግን ኮምፒውተሩን በማዘርቦርዱ ግራፊክስ ወይም በሌላ ካርድ አስነስተው፣ የተጎዳውን ቺፕ በቁጥሩ ጠርተው የራሱን ፋይል መልሰው ይጻፉበት፤ ጽሕፈቱ ካለቀ በኋላም ኮምፒውተሩን ከማስነሳት ይልቅ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው፣ ኃይሉን ነቅለው እንደገና ያብሩት።